ትከሻ ወልቆ ከገባ በኋላ፦ ሌሊቱን፣ ልብሱንና ሰላምታውን የመወጫ ዘዴ

ባለፈው ክረምት ደሴ ውስጥ ከሰኞ ገበያ ወደ ቤት ስመለስ አዳለጠኝ። ደሴን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ጦሳ ሥር የተለጠፈች ከተማ ናት፣ ወይ ትወጣለህ ወይ ትወርዳለህ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው ሳሙና ነው። እንዳልወድቅ ቀኝ እጄን ዘርግቼ መሬቱን ልደገፍ ስል ትከሻዬ ቋ አለ። ወለቀ። ራጅ ተነሳሁ፣ ሐኪሞቹ መለሱት፣ ክንዴን አንገቴ ላይ አንጠልጥለው "ሦስት ሳምንት እንዳትፈታው" ብለው ወደ ቤት ሰደዱኝ።

መመለሱ የደቂቃዎች ሥራ ነበር። ያስቸገረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እንዴት እንደምተኛ የነገረኝ የለም። ሸሚዝ እንዴት እንደሚለበስ፣ ሽንት ቤት ቁጢጥ ብሎ በአንድ እጅ እንዴት እንደሚነሱ፣ "እንኳን አተረፈህ" ብሎ ትከሻውን ይዞ የሚመጣን ዘመድ እንዴት እንደሚመልሱት፣ ይሄን ሁሉ እየጮህኩ ነው የተማርኩት። አንተ እንዳትደግመው ብዬ በተራ በተራ ጻፍኩት። "አንተ" እያልኩ ብጽፍም ለእህቶቼም ነው፤ እንጀራው የሚጋገረውና ውሃው የሚቀዳው በማን ትከሻ እንደሆነ እናውቃለን፣ እንዲያውም ለእነሱ ይብሳል።

ቀድሜ አንድ ነገር ልበል። የወለቀ ትከሻ፣ የተቀደደ ጅማት፣ ከአንገት ሥር ያለው አግዳሚ አጥንት ስብራት፣ ሁሉም ሕመማቸው ይመሳሰላል፤ የማገገሚያ ጊዜያቸው ግን ይለያያል። ከታች የጻፍኩት የቤት ውስጥ ዘዴ ለሁሉም ይጠቅማል። መቼ ይፈታ፣ መቼ ይንቀሳቀስ የሚለው ግን ያከመህ ሐኪም ያለው ነው።

ትከሻ ለምን እንዲህ ያስቸግራል ካልክ፣ አቀማመጡ ነው። ሎሚ በስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደማስቀመጥ በለው። ከክንድ የሚመጣው ክብ አጥንት ትልቅ፣ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ደግሞ ትንሽና ጥልቀት የሌለው ነው። እንዳይንሸራተት የያዘው ዙሪያውን ያለው ሽፋንና አራት የጡንቻ ጅማቶች ናቸው። ክንድህ በሁሉም አቅጣጫ የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሲወልቅ የሚቀደዱትም እነሱ ናቸው። አጥንቱ ገባ ማለት ጅማቱ ዳነ ማለት አይደለም።

1. ወጌሻ ከመጥራትህ በፊት ራጅ

ወድቄ የገባሁ ዕለት አንዲት ጎረቤታችን እናት "ልጄ፣ እነሱ ምን ያውቃሉ፣ ወጌሻ ይምጣልህና ቅቤ ቀብቶ እሽት እሽት ያድርግህ" አሉኝ። ከልባቸው ነው። ወሎ ውስጥ አድጎ ወጌሻ ያልነካው ልጅ ጥቂት ነው፤ እኔም በልጅነቴ ቁርጭምጭሚቴን ወለም ሲለኝ ታሽቻለሁ። ትከሻ ግን ሌላ ነው። የወለቀ ትከሻ አብሮት ስብራት ሊኖረው ይችላል፤ ያን ሳያዩ ቢጎትቱት ስብራቱ ይብሳል፣ ነርቭና ደም ሥርም ሊጎዳ ይችላል። ተመልሶ የገባውም ቢሆን ውስጡ ቁስል ነው፣ አዲስ ቁስልን ጠንክሮ ማሸት ደግሞ ያው መልሶ ማቁሰል ነው። ከሁሉ የከፋው በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው። ደም መመላለሱ ይቆማል፣ እጅ ይጠቁራል፣ መጨረሻው መቆረጥ ይሆናል። ይሄ ለማስፈራራት የተፈጠረ ወሬ አይደለም፤ በሀገራችን ሆስፒታሎች ሐኪሞች ደጋግመው ያዩት ጉዳት ነው።

እኔ ለእናታችን "እሺ እማማ፣ ሐኪሙ ከፈታው በኋላ" አልኳቸው። ሰላም ሆነ።

ቤት ገብተህም ቢሆን ጣቶችህን እያየህ ቆይ። ጥፍርህን ተጫነውና ልቀቀው፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀላ ማለት አለበት። ጣትህ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከገረጣ፣ ከደነዘዘ፣ የትከሻህ ቅርጽ ድንገት ጠፍጣፋ ሆኖ ከታየህ፣ ትከሻው ግሎና ቀልቶ ትኩሳት ካመጣ፣ ወይም ሕመሙ በየቀኑ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ እየባሰ ከሄደ፣ ነገ አትበል፣ በዚያው ሰዓት ተመለስ። የላይኛው ክንድህ ውጪ በኩል፣ ወታደር ምልክት የሚሰፋበት ቦታ፣ ስትነካው ካልተሰማህ ንገራቸው፤ እዚያ የሚሄድ ነርቭ አለ፣ ትከሻ ሲወልቅ ሊጎዳ ይችላል። አንድ ሌላም አለ፦ ሳትወድቅ፣ ሳትመታ፣ የግራ ትከሻህና ደረትህ ጨምድዶ ይዞህ ላብ ካጠመቀህና ትንፋሽ ካጠረህ፣ ይሄ ጽሑፍ አንተን አይመለከትም፤ የልብ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሆስፒታል።

2. ማንጠልጠያውን አስተካክል

የሆስፒታሉ ማንጠልጠያ ከቆሸሸ ወይ አንገትህን ከላጠህ ነጠላ ወይም ሽርጥ ይበቃል። በሰያፍ እጠፈው፣ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ሹሉ ወደ ክርንህ ይሁን። አንዱን ጫፍ በደህናው ትከሻህ ላይ አሳልፈው፣ ሌላውን ከሥር ክንድህን አቅፎ በታመመው ትከሻ በኩል አውጣና ከአንገትህ ጎን ቋጥረው። መሀል ማጅራት ላይ አትቋጥረው፣ እስከ ማታ ራስ ምታት ይሰጥሃል። መዳፍህ ከክርንህ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል፤ ዝቅ ካለ እጅህ ያብጣል። ቀለበትና አምባር ካለህ በመጀመሪያው ቀን አውልቅ፣ ካበጠ በኋላ በሳሙናም አይወጣም።

በየሰዓቱ ጣቶችህን አሥር ጊዜ ጨብጥና ዘርጋ። ይሄ ትከሻውን አይነካም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚደረግ ነው። ካልከለከሉህ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ክንድህን ከጎንህ ሳታርቅ ክርንህን ቀስ ብለህ ዘርጋው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለወለቀ ትከሻ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ነው። ከታዘዘው ቀድሞ መፍታት አንድ ስህተት ነው፤ ፈርቶ ሁለት ወር አንጠልጥሎ መዞር ደግሞ ሌላው፣ ይሄኛው ደግሞ ጥንቃቄ ስለሚመስል ማንም አይቆጣህም። ትከሻ ያለ ሥራ ሲቀመጥ ሽፋኑ ይኮማተርና ይደርቃል። በተለይ ዕድሜህ ከ40 እስከ 60 ከሆነ ወይም ስኳር ካለብህ ተጠንቀቅ፤ አንዴ ከደረቀ እስኪፈታ ዓመት አልፎም ሊወስድ ይችላል።

3. ሌሊቱ

ቀኑን ሁሉም ይችለዋል። ሰው ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ወሬ አለ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግን አንተና ትከሻህ ብቻ ናችሁ።

የመጀመሪያውን ሌሊት እንደ ልማዴ በጀርባዬ ጋለል አልኩ። አሥር ደቂቃ አልቆየሁም። በጀርባህ ቀጥ ብለህ ስትተኛ ክርንህ ከደረትህ ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ክብ አጥንቱ ደግሞ በተቀደደው በኩል ወደ ፊት ይገፋል። ሕመሙ የሚነሳው ከዚያ ነው። ስለዚህ ተኝተህ ሳይሆን ግማሽ ተቀምጠህ ነው የምታድረው። አልጋው ወይም መደቡ ግድግዳ ዳር ይሁን። አሮጌ ልብስ የሞላ ማዳበሪያ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ከፍራሹ ሥር በራስጌ በኩል አስገባ፣ ከላዩ ሁለት ትራስ። ከዚያ ዋናው ነገር፦ አንድ ትራስ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ ከታመመው ክንድህ ሥር፣ ከትከሻህ ኋላ እስከ ክርንህ ድረስ አድርግ። በትክክል መሆኑን የምታውቀው ቁልቁል ስታይ ክርንህ ከታየህ ነው። ካልታየህ ወድቋል፣ ጨምርበት። ይሄን ያወቅኩት በአምስተኛው ቀን ነው፤ አራት ሌሊት በከንቱ አለቀስኩ።

በጎንህ ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስድህ ከሆነ በደህናው ጎንህ ተኛና ትራስ እቀፍ፣ የታመመው ክንድ ትራሱ ላይ ይረፍ። በታመመው ጎን ለጊዜው እርሳው። ማንጠልጠያውንም ሐኪሙ አውልቅ እስኪልህ ድረስ ለብሰኸው እደር፣ በእንቅልፍ ልብህ እጅህን ወደ ራስህ በላይ ልትሰቅል ትችላለህ።

ብርዱም አለ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የኮምቦልቻ ሰው ላይገባው ይችላል፣ እኛ ጋ ግን ንጋት ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሰውነት ሲበርደው ትከሻውን ይሸበሽባል፣ የተሸበሸበ ጡንቻ ደግሞ ያማል። ሆኖም ቡልኮ እንዳለ አትጫንበት፣ ክብደቱ ክንዱን ወደ ታች ይጎትታል። ቀለል ያለ ነገር፣ ሻርፕ ወይ ነጠላ፣ ትከሻው ላይ ጣል አድርግና ቡልኮውን ከወገብ በታች።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት በረዶ ይረዳል። ፍሪጅ ያለው ሱቅ ሃይላንድ ውሃ አስበርድ፣ ጨርቅ ጠቅልልበትና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዝበት። በባዶ ቆዳ ላይ አታድርግ፣ ያቃጥላል። እብጠቱ ሲጎድል ወደ ሙቀት ትዞራለህ፦ በሞቀ ውሃ የተነከረና የተጨመቀ ፎጣ፣ 15 ደቂቃ። ከመኝታ በፊትና እንቅስቃሴ ከመጀመርህ በፊት ጥሩ ነው።

ስለ ጫት ልናገር፣ አትቀየሙኝ። ከሰዓት ቅመህ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲልህ ጥፋቱን ትከሻው ላይ ታሳብባለህ። ደግሞ አቀማመጡን ልብ በለው፤ በግራ ክርን ተደግፎ ጋደም ማለት ክንዱን ወደ ላይ ወደ መገጣጠሚያው ይገፋዋል። የታመመህ ግራ ከሆነ እዚያ ወዳጃ ላይ (ጫት እየተቃመ ዱዓ የሚደረግበት ስብስብ) ሁለት ሰዓት ተቀመጥክ ማለት ሁለት ሌሊት ከፈልክ ማለት ነው። ሄደህ ዱዓውን ተቀበል፣ ቀጥ ብለህ ግድግዳ ተደግፈህ ተቀመጥ። ቡናውንም ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ አቦሉን ብቻ፣ ቶናና በረካው ለሌላው።

4. ማስታገሻ

ሕመሙ እስኪያስጮህ ጠብቀህ አትዋጥ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰዓት ጠብቀህ ብትወስድ ይሻላል፤ የማታውን ከመኝታ አንድ ሰዓት ቀደም ብለህ።

ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ጤነኛ አዋቂ ሰው አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ይወስዳል፣ በመሀል ቢያንስ አራት ሰዓት ይቆያል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ አይበልጥም። ጉበት ላይ ችግር ያለበትና መጠጥ የሚያበዛ ሰው ከዚያም ያነሰ ስለሚያስፈልገው ይጠይቅ። የጉንፋን መድኃኒቶችም ውስጣቸው ፓራሲታሞል ሊኖር ስለሚችል ደርበህ እንዳትወስድ። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ከምግብ በኋላ ብቻ፣ ከሁለቱም አንዱን እንጂ አብረህ አይደለም። ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ ደም ግፊት፣ አስም ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ሐኪም ሳያዝ አይንኩት። ትራማዶል ከታዘዘልህ እንደታዘዘው ብቻ ውሰድ፤ ያፈዛል፣ ከአረቄ ጋር ደግሞ አደገኛ ነው፣ ወስደህ ባጃጅ አትንዳ።

ጾም ላይ ከሆንክ፣ በረመዳን ለታመመ ሰው መፍቀዱ ይታወቃል። እጾማለሁ ካልክ ደግሞ ሆድ የሚነካውን መድኃኒት ከኢፍጣርና ከሱሑር ምግብ ጋር አድርገው። በዓቢይ ጾምም እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆድ ኢቡፕሮፌን መዋጥ ጨጓራን መጥበስ ነው።

5. ልብስ፣ ገላ፣ ሽንት ቤት፣ ማዕድ

ልብስ ላይ አንድ ሕግ ብቻ ያዝ፦ የታመመው ክንድ ቀድሞ ይገባል፣ መጨረሻ ይወጣል። ሰፋ ያለ ባለ ቁልፍ ሸሚዝ ፈልግ፤ በአንገት የሚገባ ሹራብ ለሁለት ወር ሣጥን ውስጥ ይቆይ። እህቶቼ፣ ሻሽ በሁለት እጅ ወደ ኋላ ማሰር ለወለቀ ትከሻ ከመጥፎዎቹ አቋሞች አንዱ ነው። ሌላ ሰው ይሰርላችሁ።

ገላ ስትታጠብ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥ። ብብትህን ለማጠብ ክንዱን አታንሳው፤ ከወገብህ ወደ ፊት ጎንበስ ስትል ክንዱ በራሱ ተንጠልጥሎ ብብቱ ይከፈታል። በደንብ አድርቀው፤ ካልደረቀ ቆዳው ይላጣል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ሌላ ሕክምና ነው።

የኛ ሽንት ቤት ቁጢጥ ነው። በአንድ እጅ ስትነሳ ትወዛወዛለህ፣ ሳታስበው የታመመውን እጅ ትዘረጋለህ። በደህናው እጅ በኩል ጠንካራ እንጨት ምታበት ወይም ገመድ ከምሰሶ ላይ እሰር። ጀሪካኑን ትተህ እጀታ ያለው ጆግ አስቀምጥ። ትንሽ ነገር ይመስላል። አይደለም።

መሶብም ዝቅ ያለ ስለሆነ ቀኝ ትከሻ ለታመመ ሰው ሩቅ ነው። ትሪውን በርጩማ ላይ ከፍ አድርገው፣ ክርንህን ከጎንህ ሳታላቅቅ ብላ። ያ ካልሆነ ጉርሻ ነው። ባለቤቴ ለሁለት ሳምንት አጎረሰችኝ፣ መጠኑን ግን አልቀነሰችልኝም፣ ኪሎ ጨመርኩ።

6. ሰላምታና ይሉኝታ

እውነቱን ልናገር፣ ትከሻዬን ለሁለተኛ ጊዜ ያሳመመኝ መውደቅ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። ከአደጋው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከኩታበር አጎቴ መጡ። ማንጠልጠያውን ጋቢ ስለሸፈነው አላዩትም። እኔም ተቀምጬ ልቀበላቸው አፍሬ ብድግ አልኩ። በኛ ሀገር ሰላምታ መቼም እጅ ጨብጦ፣ ስቦ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጭ ገጭ አድርጎ ነው፤ ሰውዬው የገበሬ ክንድ አላቸው፣ ናፍቆትም አለ፣ ሦስቴ ገጩኝ። ዓይኔ ላይ ኮከብ ታየኝ። "ደህና ነኝ ጋሼ" አልኩ። ደህና አልነበርኩም፣ ከዚያ ሌሊት በኋላ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ተመለስኩ።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ማንጠልጠያው ሁልጊዜ ከልብሱ በላይ ይታይ፣ ጋቢውን ከሥሩ ልበስ። ሰው ሲገባ አንተ ቀድመህ ተናገር፣ እሱ እጁን ሳይዘረጋ፦ "ትከሻዬ ወልቆ ነው፣ በግንባር ሰላም በሉኝ።" ግራ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ ጎንበስ ካልክ ማንም ንቀት አይለውም። "አላህ ያሽርህ"ም "እግዜር ይማርህ"ም ሳይጨብጡህ ይደርሱሃል። ስትቀመጥ የታመመው ትከሻ በግድግዳ በኩል ይሁን፤ ቀልደኛ ጓደኛ "አብሽር!" ብሎ የሚመታህ ትከሻህን ነው። ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ ማንም ጠያቂ ሳይመጣ ለእሱ አስረዳው፣ ዘሎ የሚንጠለጠልብህ እሱ ነው፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ጠባቂህ ይሆናል። የኔ ልጅ በር ላይ ቆሞ "አባቴን እንዳትነኩት" ይል ነበር።

ይሉኝታው በሰላምታ አያበቃም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል እጅህን አጣጥፈህ መቆም ያሳፍራል። ሠርግ ላይ ጭፈራው ሲደምቅ ወሎ ላይ ትከሻ ያለ ሥራ አይቀመጥም። ቁጭ በል። አጨብጭብ ልልህ ነበር፣ እሱንም በጭንህ ላይ በአንድ እጅ።

አምልኮም ላይ ራስህን አታስጨንቅ። ውዱእ ስታደርግ ሰው ውሃ ያፍስስልህ። ሱጁድ ላይ መዳፍህን መሬት ላይ ተጭነህ ክብደትህን መጣል በመዳን ላይ ላለ ትከሻ ከባድ ነው፤ የታመመ ሰው ተቀምጦም በምልክትም መስገድ እንደሚችል ሼሁ ይነግሩሃል። በቤተ ክርስቲያንም ወድቆ መነሳት ያለበትን ስግደት ለነፍስ አባትህ ንገር።

7. ማንቀሳቀስ፣ ግን በልክ

ሐኪሙ ወይም ፊዚዮቴራፒስቱ "ጀምር" ሲልህ ነው ይሄ የሚጀመረው። ፊዚዮቴራፒ በቅርብ የምታገኝ ከሆነ ሂድ፣ ሁለት ሦስት ቀን እንኳ ቢያሳዩህ ትልቅ ነገር ነው። የማታገኝ ከሆነ በቤት ያለው ዕቃ ይበቃል።

የሕመሙ ልክ እንዲህ ነው። ከአሥር ቁጥር ስጠው። በምትሠራበት ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቢደርስና ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ ነበረበት ቢመለስ ጥሩ ነው፣ ቀጥል። በማግሥቱ ጠዋትም ካመመህ አብዝተሃል፣ ግማሹን ቀንስ። ምንም ካልተሰማህ ደግሞ ምናልባት እየሠራህ አይደለም።

መጀመሪያ መወዛወዝ። ደህናውን እጅህን ጠረጴዛ ላይ ተደገፍ፣ ጎንበስ በል፣ የታመመውን ክንድ እንደ ገመድ ልቀቀው። ክንዱን አንተ አታዙረው፤ ሰውነትህን ወዲህ ወዲያ ስታደርግ እሱ ይከተል። አሥር ጊዜ ወደ አንድ በኩል፣ አሥር ጊዜ ወደ ሌላው፣ በቀን ሦስቴ። ይሄ ሲቀልህ ጠረጴዛ መወልወል ነው፦ ተቀምጠህ ጨርቅ ከመዳፍህ ሥር አድርግና ወደ ፊት አንሸራትት፣ መልስ፣ ደረትህም አብሮ ይሂድ። ባለቤቴ ይሄኛውን በጣም ወደደችው።

ከዚያ ዱላ። በጀርባህ ተኛ፣ ዱላውን በሁለት እጅህ ያዝ፣ ደህናው እጅ የታመመውን ተሸክሞ ወደ ላይ ያንሳው። የሚሠራው ደህናው ነው፣ የታመመው እንግዳ ነው።

ከዚያ ግድግዳ። ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ቁም፣ የታመመውን እጅ ጣቶች ግድግዳው ላይ አድርግና እንደ ሸረሪት በጣቶችህ ሽቅብ ውጣ። ትከሻህን ወደ ጆሮህ አትስቀለው፣ እሱ ማጭበርበር ነው። ሕመሙ አራት ላይ ሲደርስ ቁም፣ አምስት ቁጠር፣ በጣቶችህ ቀስ ብለህ ውረድ። የደረስክበትን በከሰል ምልክት አድርግበት። እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት ጭረት ከደረቴ በታች ነበር። በየሳምንቱ ዓርብ አንድ ጭረት። አንዳንድ ሳምንት ጭረቱ በአንድ ጣት ከፍ ይላል፣ አንዳንዱ ሳምንት እዚያው ነው፣ ወደ ኋላ የሚመለስበትም አለ።

ጉልበት መመለሻው በኋላ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ሳምንት ወዲያ። ክርንህን 90 ዲግሪ አጥፈህ ከጎንህ አስጠግተህ፣ በቡጢህና በግድግዳው መሀል ትራስ አድርገህ፣ አምስት ሰከንድ ገፋ አድርግ። ክንድህ አይንቀሳቀስም፣ ጡንቻው ግን ይሠራል። ዕድሜህ ከ40 በላይ ሆኖ ከጥቂት ሳምንት በኋላም ክንድህን በራስህ ማንሳት ጭራሽ ካቃተህ፣ እንቅስቃሴ አብዛ ብለህ አትታገል፤ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ተመልሰህ ታይ።

ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ፈጽሞ የማይደረግ አንድ አቋም አለ፦ ክንድን ወደ ጎን ከፍ አድርጎ እጅን ወደ ኋላ መውሰድ። ጅራፍ ለማጮህ፣ ወንጭፍ ለመወርወር፣ መጥረቢያ ለማንሳት የምትቆመው ማለት ነው። ትከሻ ተመልሶ የሚወልቀው በአብዛኛው በዚያ በኩል ነው፤ ወጣት ከሆንክ ደግሞ ተመልሶ የመውለቅ ዕድሉ ከፍ ይላል።

8. መንገድና ሥራ

ወደ ሐኪም ቀጠሮ ከኮምቦልቻ የምትመጣ ከሆነ ሐረጎን ታውቀዋለህ። መታጠፊያው ላይ ሚኒባሱ ሲጠመዘዝ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይደፋል። የታመመው ትከሻህ በር በኩልም ተሳፋሪ በኩልም እንዳይሆን አስብ፤ ባዶ ግድግዳ በኩል አድርገህ የታጠፈ ጋቢ መሀል አስገባበት። ከላይ ያለውን ብረት በታመመው እጅ አትያዝ። ባጃጅ ከሆነ ሹፌሩን "ቀስ" በለው፣ ሁለት ጊዜ በለው።

ሥራ ላይ ሰው የሚሳሳተው ሕመሙ ሲጠፋ ነው። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ነው፣ 20 ኪሎ። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጀምር፣ በሁለት ሊትር ቀጥል፣ ከዚያ ባለ አምስት ሊትሩ። ዕቃ ስታነሳ ክርንህ ከጎንህ አይራቅ። ምጣድ ላይ የምትቆም እህቴ፣ እንጀራውን በደህናው እጅ አውጪ፣ ሊጡን ደግሞ በትንሽ ጣሳ። ከባድ ሸክም፣ መውቃት፣ ኳስና እስክስታ ከሦስት ወር በፊት አይታሰቡ፣ ከዚያም በኋላ ሐኪሙን ጠይቀህ።

እኔ አሁን አራተኛው ወር ላይ ነኝ። ባለቤቴ ለበዓል ግድግዳውን ኖራ ልቀባ ነው፣ ይሄ ከሰል ምንድን ነው ትላለች። በግራ እጄ የምደርስበት ላይም አንድ ጭረት አድርጌያለሁ፤ የቀኙ እዚያ እስኪደርስ ቆይ አልኳት። ለካችው። ሁለት ጣት ይቀረዋል።